አታስብ

የኛን ሰው ስትረስ የሚባል ነገር አይዘውም፣ ጨጓራ ነው የሚይዘው። ወይ ብርድ ወይ ምች። «ተጨንቄያለሁ» ብለህ ከስራ ብትቀር አለቃህ ይስቅብሃል፣ «ጨጓራዬ ተነስቶ» ካልክ ግን ቢሮው በሙሉ ያዝንልሃል፣ አንዷ ከቦርሳዋ ሽሮፕ ታወጣለች ሌላው ተልባ ጠጣ ይልሃል።

እኔም ጨጓራ ነው እያልኩ ሶስት ወር ኖርኩ። ምልክቱማ ነበር እኮ! ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ጋ ስደርስ ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ ወይ ብዬ እመለሳለሁ፣ ጠፍቷል፣ እንደገና ወጥቼ ሰልፉ ጋ ስደርስ አሁን ደግሞ በሩን ቆልፌዋለሁ ወይ። ሌሊት ጥርሴን ሳፋጭ አድሬ ስነሳ መንጋጋዬን ያመኛል። አንድ ቀን ረዳቱ አምስት ብር መልሴን በላኝ ብዬ ከሜክሲኮ እስከ ሳር ቤት ስለ ትውልዱ ውድቀት ንግግር አደረኩ፣ ልወርድ ስል እጄን ብዘረጋው አምስት ብሯ እዛው ተጨብጣ በላብ ርሳለች። ረዳቱ አየኝና «ፋዘር፣ ቤት ገብተህ ተኛ» አለኝ። ፋዘር! ገና 34 ዓመቴ ነው።

አከራዬ እማማ ፊቴን አይተው «ይሄ ብርድ ነው» ብለው ፌጦ በሎሚ በጥብጠው አጠጡኝ። አክስቴ ጠበል አለች። ጓደኛዬ ድራፍት አዘዘልኝ፣ ሂሳቡን የከፈልኩት ግን እኔ ነኝ።

መጨረሻ ላይ ክሊኒክ ሄድኩ። ኤች ፓይሎሪ ታየልኝ፣ ነጌቲቭ ሆነና ትንሽ ከፋኝ፣ ባክቴሪያ ቢሆን እኮ ስም ያለው ጠላት ነው። ዶክተሩ «የሚያስጨንቅህ ነገር አለ እንዴ?» ሲለኝ «ኧረ ምንም የለም፣ ተመስገን» አልኩት፣ እግሬ ግን ከስር ሲርገፈገፍ ጠረጴዛው ላይ የነበረው እስክሪብቶ ተንከባሎ ወደቀ። አጎንብሶ አነሳውና እግሬን አየት አድርጎ «አታስብ» አለኝ። በቃ። ቤቴ ገብቼ እንዴት እንደማላስብ ሳስብ አደርኩ።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስልኬን አውጥቼ ስለ ስትረስ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ ሀንስ ሴልዬ የሚባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1936 ሞንትሪያል ላይ አይጦችን ብርድ ላይ እያስቀመጠ ከአቅማቸው በላይ እያሯሯጠ ሲያያቸው ከኩላሊታቸው በላይ ያለው እጢ አብጦ ጨጓራቸው ቆስሎ አገኘው። ኪራይ የማይከፍሉ፣ ታክሲ የማይሰለፉ አይጦች! «ብርድ ላይ» የምትለዋ ጋ ስደርስ ደግሞ እማማ ትዝ አሉኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

ካነበብኩት ውስጥ የጠቀመኝ ትንፋሽ ነው፣ አራት ቆጥሮ ማስገባት ስድስት ቆጥሮ ማስወጣት፣ ሲወጣ ረዘም ሲል ልብ ረገብ ይላል። ሰልፍ ላይ ስሞክረው ከፊቴ ያለችው ሴትዮ ዞር ብላ አይታኝ እንዳይጋባባት አፍንጫዋን በነጠላዋ ሸፈነች፣ ግን ሰርቷል፣ የዛን ቀን ለምድጃው አልተመለስኩም።

ያቃተኝ ቡናው ነው። 11 ሰዓት ላይ የጠጣኸው ካፌይን ማታ 4 ሰዓትም ግማሽ ያህሉ ሰውነትህ ውስጥ አለ ይላሉ። እሺ፣ ግን እማማ «አንተ ልጅ፣ ቡና ፈልቷል» እያሉ 11 ሰዓት ላይ ሲጠሩህ ካፌይን ምናምን ብለህ ልትቀር ነው? አከራይ እኮ ናቸው። ትናንት አቦሉንም ቶናውንም ጠጥቼ በረካው ላይ ስደርስ ቀስ ብዬ ስድስት እየቆጠርኩ ተነፈስኩ። ሰሙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የምትተነፍሰው?»

«ኧረ ደህና ነኝ እማማ፣ ጨጓራ ነው።»

«ብርድ ነው አላልኩህም!» አሉና ፌጦውን ሊያመጡ ተነሱ።