ንፍሮ የሌለበት ኑዛዜ

ለንደን ከምኖርበት ሕንጻ ምድር ቤት ያሉ አዛውንት ጎረቤቴ ቤታቸውን ሲያራግፉ አንድ ካርቶን ሙሉ ዲቪዲ ሰጡኝ። «ዘ ብራዘርስ» ይላል፤ ወንድማማቾቹ። ቢቢሲ በፈረንጆቹ ከ1972 እስከ 1976 ያሳየው ድራማ ነው፤ ሰባት ምዕራፍ፣ 92 ክፍል። «እሁድ ማታ ይሄ ሲጀምር ስልክ የሚያነሳ አልነበረም» አሉኝ። ዛሬ ስሙን ለወጣት እንግሊዛዊ ብትጠሩለት የጽዋ ማኅበር ይመስለዋል።

ድራማው ስለ ጭነት መኪና ድርጅት ነው። እኔ ደግሞ አክሲዮን የሚል ቃል ስሰማ ያዛጋኛል። ካርቶኑ አልጋ ሥር ገባ። ያወጣችው ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ የመጣችው አክስቴ ናት፤ ውጭው ሲዘንብ ይውላል፣ እንግሊዝኛዋ ደግሞ «ሶሪ» ላይ ያበቃል።

የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሮበርት ሃሞንድ የተባለ የመኪኖቹ ባለቤት ሞቷል፤ ቤተሰቡ ኑዛዜ ሊሰማ ተሰብስቧል።

«ድንኳኑስ?»

«የለም፣ እትዬ።»

«ንፍሮ የለ፣ እድርተኛ የለ... ሰልስቱ ሳይወጣ ነው ወረቀት የሚያነቡት?»

ወረቀቱ ተነበበ። ከአባቱ ጎን ሆኖ ድርጅቱን ያቆመው የበኩር ልጅ ኤድዋርድ «ሁሉም የእኔ ነው» ብሎ ሲጠብቅ፣ ድርጅቱ እኩል ለአራት ተከፈለ፦ ለእሱ፣ ለሂሳብ ሠራተኛው ለብራያን፣ ለትንሹ ለዴቪድ፤ አራተኛው ድርሻ ለጄኒፈር።

«እሷ ማናት?»

«የሟቹ ጸሐፊ።»

አክስቴ ጭኗን መታች። «ምን ስትጽፍ እንደኖረች ገባኝ!»

እኔ እስኪገባኝ ሁለት ክፍል ፈጅቶብኛል። ጄኒፈር ለሟቹ ልጅም ወልዳለታለች፤ ባርባራ ትባላለች። ከዚያች ማታ ጀምሮ ማስተርጎም አቆምኩ፤ እንዲያውም አክስቴ ለእኔ ታስረዳኝ ገባች። በእሷ አተረጓጎም ድርጅቱን የምትመራው ጂን አንደርሰን የምትጫወታት መበለቷ ሜሪ ናት። ከአራቱ ድርሻ አንድ ጎማ እንኳ አልደረሳትም፤ ነገር ግን ልጆቿ በቢሮ የተስማሙበትን ነገር ሳሎኗ ውስጥ ሻይ እየቀዳች ታፈርሰዋለች። «ይቺ ሴትዮ» አለች አክስቴ በአድናቆት፣ «የጎደላት የደም ግፊት ብቻ ነው። አገራችን ብትሆን አንዴ ራሷን ይዛ ብትተኛ ጸሐፊዋ ድርሻዋን ጥላ ትሄድ ነበር።»

(በነገራችን ላይ የአክስቴ ቤተሰብም አባቷ የተዉት ወፍጮ ቤት አለው። አምስት ወራሽ፣ አንድ ወፍጮ። በየዓመቱ በዝክሩ ዕለት ይሰበሰቡበታል፤ ጠላው ሲያልቅ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀጠራል። አክስቴ ያደገችው በዲሬክተሮች ቦርድ ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።)

ችግር የገጠመን ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው። ኤድዋርድን ይጫወት የነበረው ግሊን ኦዌን ሄዶ ፓትሪክ ኦኮኔል መጣ።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«ኤድዋርድ ነው።»

«ኤድዋርድንማ አውቀዋለሁ።»

ተዋናዩ መቀየሩን አስረዳኋት። እሱን ተቀበለች። ያልተቀበለችው የቤተሰቡን ዝምታ ነው። «እናትየዋም ምንም አላለች? ይስሐቅ እንኳ ዓይኑ ታውሮ በዳበሳ አጣርቷል! ሩቡን ድርጅት ለማያውቁት ሰው ሰጥተው እራት ይበላሉ?»

እውነቷን ነው፤ የድራማው ትልቁ የንግድ ማጭበርበር ይሄ ሳይሆን አይቀርም።

ሳይውል ሳያድር አዲሱ ኤድዋርድ ልቡ ጄኒፈር ላይ ሸፈተ፤ በስተኋላም አገባት። የአባቱን ጸሐፊ። አክስቴ ቴሌቪዥኑን እንዳቆመው አዘዘችኝና በጣቷ ትቆጥር ጀመር። ባርባራ በአባቷ እህቱ ናት፤ በእናቷ የእንጀራ ልጁ ሆነች። እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሰዎች፣ እነዚህ አንዱን ቤት ሳይጨርሱ ሠርግ ደገሱ። «ግን» አለች አሰብ አድርጋ፣ «አየህ? ሁለቱ ድርሻ አንድ ቤት ገባ።» ይህን ያለችው አክሲዮን የሚለውን ቃል ሳትሰማ ነው።

ፖል ሜሮኒ የሚባል፣ ሳቁ ከጥርሱ የማያልፍ ወጣት የባንክ ሰው ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ሆነ። የተጫወተው ኮሊን ቤከር ነው፤ ኋላ «ዶክተር ሁ» በሚባለው የቢቢሲ የሳይንስ ልብወለድ ድራማ ስድስተኛው ዶክተር የሆነው። ወንድማማቾቹ ሲጨቃጨቁ እሱ ቁጥር ያያል። አክስቴ ጠልታው ሞተች። «ይሄ የሰው ቤት ሲበተን ሚዛን ይዞ የሚቆም ነው» አለች።

እኔም በመሐል ያገሩን ሁኔታ ላስረዳት ሞከርኩ። ድራማው በሚታይባቸው ዓመታት እንግሊዝ የነዳጅ ዋጋ ጣራ ነክቶባት፣ ማዕድን ቆፋሪዎቿ ተቆጥተው፣ በ1974 መጀመሪያ ፋብሪካዎች ኤሌክትሪክ የሚያገኙት በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ነበር፤ ለተወሰነ ጊዜም ቴሌቪዥን ማታ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋ ነበር።

«ፈረቃ ነበራቸው በለኛ!» ፊቷ በራ። ለንደን ከመጣች እንደዚያ ደስ ሲላት አላየሁም።

ለምን እንደተረሳ አስቤበታለሁ። ድራማው በ1976 ታኅሣሥ አለቀ፤ በ1978 አሜሪካኖቹ የነዳጅ ቱጃሮቻቸውን ይዘው በ«ዳላስ» መጡ። እዚያም ወንድማማች ይጣላል፣ ግን መዋኛ ገንዳ ዳር ነው። ሃሞንዶች የሚጣሉት ማስታወሻ ደብተር በሞላበት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ ስለ ጭነት መኪና ነው። ሰው የሰው ጠብ ሲያይ ቢያንስ ዕቃው እንዲያምርለት ይፈልጋል መሰለኝ።

አክስቴ ግን 92ቱንም ጨረሰች። የመጨረሻዋ ማታ ዲቪዲውን ካርቶኑ ውስጥ መለሰችና ስልኳን አነሳች፤ አዲስ አበባ ታላቅ ወንድሟ ጋ ደወለች። እዚያ ሌሊት ነው። ሰላምታ አላበዛችም።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «ያቺ ወፍጮ ቤት ሂሳብ ትቀበል የነበረችው ቀይ ልጅ... አባባ ሲያርፉ በጣም ያለቀሰችው... አሁን የት ናት?»