አንድም ዳሳሽ ብቻውን ፕሮቲን አይለይም

ፕሮቲኖችን በፍሎረሰንት (ብርሃን በሚያመነጩ) ዳሳሾች ስለመለየት የቀረበው ጽሑፍ አሪፍ ነው፤ ግን «የፍሎረሰንት ዳሳሾቹ እያንዳንዳቸው አንድ ፕሮቲን ያውቃሉ» የሚለው ያሳስታል። ዘዴው የተቀዳው ከአፍንጫ ነው። አፍንጫ ውስጥ እያንዳንዱ ሽታ ተቀባይ ለብዙ ነገር ትንሽ ትንሽ ምላሽ ይሰጣል፤ የሸተተው ነገር ማንነት የሚታወቀው ሁሉም ምላሽ አንድ ላይ ሲታይ ነው።

በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስቱ ቪንሰንት ሮቴሎ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣውን ሥራ እዩት። 6 ዓይነት የወርቅ ናኖ ቅንጣት (በዓይን የማይታይ እጅግ ደቃቅ ብናኝ) እና አንድ የሚያበራ ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለታማ ሞለኪውል) ነው የተጠቀሙት። ፖሊመሩ ወርቁ ላይ ሲለጠፍ ብርሃኑ ይጠፋል። ፕሮቲን ሲጨመር ቦታውን ይቀማዋል፤ የተለቀቀው ፖሊመር መልሶ ቦግ ይላል። አንዱ ቅንጣት ዘንድ በጣም፣ ሌላው ዘንድ በጥቂቱ። በዚህ ልዩነት ብቻ 7 ፕሮቲኖችን ለዩ። ቀላልነቱ ነው እኔን የሚገርመኝ!

ደም ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። ከሴረም (ደም ረግቶ ሲለይ ከሚቀረው ፈሳሽ) ፕሮቲን ግማሽ ያህሉ አልቡሚን የሚባለው አንድ ፕሮቲን ስለሆነ በጥቂቱ የሚገኙት የሌሎቹ ምልክት በሱ ይዋጣል። ሌላው ደግሞ፣ ከምላሾቹ ተነስቶ ፕሮቲኑን የሚለየው ስሌት የሚመድበው ቀድሞ ካየው ናሙና ጋር እያስተያየ ነው። አዲስ ፕሮቲን ሲመጣበት፣ ገደብ ካልተበጀለት በቀር፣ «አላውቀውም» አይልም። ከሚያውቃቸው የአንዱን ስም ይለጥፍበታል። ጽሑፉ ይህን ዘሎታል።