ጨረሩ ሳይሆን ፈሳሹ ነው

ስለ ጠፈር ጉዞ ያነበብኩት ጽሑፍ የጠፈርተኞች እይታ የሚደክመው በጨረር ነው ማለቱ አልተዋጠልኝም። ጨረር ይበልጥ የሚያሰጋው ለዓይን ሞራ ነው። እዚህ የተነሳው ግን ሌላ ጣጣ ነው። ወደ ታች የሚጎትት ስበት ስለማይሰማቸው የሰውነታቸው ፈሳሽ ወደ ጭንቅላት ይሸሻል፤ ፊታቸው አብጦ እግራቸው ቀጥኖ የምናየው ለዚሁ ነው። አንዳንዶቹ ላይ የዓይን ነርቭ ያብጣል፣ የዓይን ኳስም ከኋላ በኩል ጠፍጠፍ ይላል። ኳሱ ሲያጥር የብርሃኑ ማረፊያ ከሬቲና (ብርሃን ከሚቀበለው የዓይን የውስጥ ሽፋን) ኋላ ይሆንና የቅርብ ጽሑፍ ይደበዝዛል። በ2011 የወጣ ጥናት ረጅም ጉዞ ካደረጉት 60 በመቶ ያህሉ እይታችን ቀንሷል ማለታቸውን ዘግቧል። ቀላል ቁጥር አይደለም!

እኔን የሚገርመኝ ጠፈር ላይ የራስ ቅል ውስጥ ግፊቱ ያን ያህል ከፍተኛ አለመሆኑ ነው። እኛ ምድር ላይ ስንተኛ ከፍ ይላል፣ ስንነሳ ይወርዳል። እዚያ ግን ተነስቶ መቆም ብሎ ነገር የለም፤ ዓይን እረፍት የሚያጣው በዚህ ይመስለኛል። ፈሳሹን ወደ እግር የሚስበው ቺቢስ የተባለው የሩስያ ሱሪ የሚሞከረውም ለዚሁ ነው። መነጽር እይታን ያግዛል እንጂ የኳሱን ቅርጽ አይመልስም፤ አንዳንዶቹ ላይ ለውጡ ምድር ከተመለሱ ከዓመታት በኋላም አልጠፋም። ወደ ማርስ መሄጃው ብቻ ከ6 እስከ 9 ወር እየፈጀ፣ ጽሑፉ ይህን በአንድ መስመር ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል።