ሒሳብ መቻል ብቻውን የሒሳብ መምህር አያደርግም

«ሒሳብ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር ሌላ ስልጠና አያስፈልገውም፤ የማስተማር ዘዴ ኮርስ ጊዜ ማባከን ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ግን ስህተት ነው።

እውቀቱ የግድ ነው፣ በዚህ አንከራከርም። ራሱ ያልገባውን ማንም አያስረዳም። ነገር ግን ጥያቄ መፍታትና ተማሪው የት ላይ እንደሳተ ማየት የተለያዩ ችሎታዎች ናቸው።

ከ0.8 እና ከ0.35 የቱ ይበልጣል? አንዱ ተማሪ፣ 35 ከ8 ስለሚበልጥ 0.35 ይላል። ሌላው 0.8 ይላል፤ መልሱ ልክ ስለሆነ መምህሩ «ጎበዝ!» ብሎት ያልፋል። ምክንያቱን ቢጠይቀው ግን ልጁ «መቶኛ ከአስረኛ ስለሚያንስ፣ ከነጥብ በኋላ ብዙ አሃዝ ያለው ሁልጊዜ ያንሳል» ሊለው ይችላል። ይኸው ልጅ 0.4ን እና 0.65ን ሲያወዳድር 0.4 ይበልጣል ይላል። የተደበቀውን ስህተት ያወጣው የቁጥሮቹ አመራረጥ ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም የካልኩለስ ኮርስ አያስተምርም።

አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ሊ ሹልማን በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህን እውቀት ለብቻው ለይቶ ስም ሰጥቶታል፦ የትምህርቱን ይዘት ከማስተማር ዘዴው ጋር ያዋሃደ እውቀት።

ንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚደረደርበት ስልጠና እንደሚያሰለች ግን እስማማለሁ። መፍትሔው ስልጠናውን መዝለል ሳይሆን የልምምድ ማስተማሩን ማጠናከር ነው፦ ልምድ ያለው መምህር ከኋላ ተቀምጦ እየተከታተለ፣ ከክፍለ ጊዜው በኋላም የተማሪዎቹን ደብተር አብረው እያገላበጡ።