ባትሪውን ውሰዱ፣ ቦርዱን ተዉት

አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ቆራሌው!» የሚለውን ጩኸት አይረሳም። እኔ ደግሞ ለንደን ከገባሁ በኋላ ራሴ ቆራሌው ሆንኩ። ልዩነቱ አለመጮሄ ብቻ ነው። አንገቴን ደፍቼ ከአውቶቡስ ፌርማታ ሥርና ከመጠጥ ቤት ደጃፍ የተጣለ ቬፕ (ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) እለቅማለሁ። አብሮኝ የሚኖረው ጓደኛዬ መጀመሪያ ማጨስ የጀመርኩ መስሎት ሊመክረኝ ሁሉ ተነስቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። «አንዴ ተጠቅመህ ጣል» ተብሎ በሚሸጠው ቬፕ ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ ስልካችን ውስጥ እንዳለው ቻርጅ የሚደረግ ሊቲየም ነው። የሚጣለው ስላለቀለት ሳይሆን የቻርጅ ቀዳዳ ስላልተሠራለት ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች በ2023 ባወጡት ጥናት ከእነዚህ ቬፖች የወጡ ባትሪዎች ከ450 ጊዜ በላይ ቻርጅ ተደርገውም አብዛኛው አቅማቸው አብሯቸው ነበር። እኔ ፌስታል አጥባ አድርቃ የምታስቀምጥ እናት ያሳደገችኝ ሰው ነኝ፤ ይሄን ካነበብኩ በኋላ ቬፕ ረግጬ ማለፍ አቃተኝ።

ኮሪደራችን ጫፍ ያለችው የጫማ ማስቀመጫ መብራት የላትም። ለእሷ አንድ ትንሽ መብራት ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ስግብግብነት ይዞኝ ባትሪውን ብቻ ሳይሆን ቦርዱንም፣ ማለትም ቬፑን የሚቆጣጠረውን የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ እጠቀማለሁ አልኩ። ቦርዱ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው። ላዩ ላይ ማይክሮፎን የምትመስል ክብ ነገር አለች። አጫሹ ሲስብ የአየሩን እንቅስቃሴ ታውቅና ኃይሉ ወደ ማሞቂያው ሽቦ እንዲሄድ ታደርጋለች። ማሞቂያውን አንስቼ በቦታው ኤልኢዲ (ትንሽ አምፖል) ኤሌክትሪኩን ከሚገድበው ሬዚስተር ጋር በየድኩና ሳብ አደረግኩት። በራ! ጫማዬን ሳልመርጥ ደግሞ ጠፋ። ለካ ብዙዎቹ ቬፖች ሽቦው እንዳይቃጠል ሰው ሳያቋርጥ ከሳበ 10 ሰከንድ ገደማ ላይ ራሳቸውን ይዘጋሉ። ጫማ ለመፈለግ መብራቱን በየ10 ሰከንዱ መሳብ ሊኖርብኝ ነው። ጓደኛዬ «መብራት ነው ሺሻ?» ብሎ መሬት ላይ እስኪንከባለል ሳቀ።

ተናድጄ ቦርዱን ወረወርኩና ኤልኢዲውን በቀጥታ ከባትሪው ጋር አገናኘሁት። እውነተኛው ስህተት ይሄ ነበር። መብራቱን ሳላጠፋ ረስቼው ከቀናት በኋላ በመልቲሜትር ስለካው 2 ቮልት ገደማ ብቻ ቀርቶታል። ሊቲየም ባትሪ ከ2.5 ቮልት በታች ሲወርድ ውስጡ መጎዳት ይጀምራል፤ እንዲህ ወርዶ የቆየውን መልሶ ቻርጅ ማድረግ ደግሞ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ቬፑ ሲሠራ ባትሪው እዚህ እንዳይደርስ የሚጠብቀው ያው የናቅኩት ቦርድ ነው። ግን የሚጠብቀው በራሱ በኩል ለሚወጣው ኃይል እንጂ እኔ ባትሪው ጫፍ ላይ ለበየድኩት ሽቦ አይደለም። አዲሶቹ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያላቸው ቬፖችም እንዲሁ ናቸው። ቻርጅ ያደርጋሉ ማለት ባዶ እስኪሆን ከመሟጠጥ ያድናሉ ማለት አይደለም።

ቪዲዮ ላይ «በአምስት ደቂቃ ፓወር ባንክ ሥሩ» የሚሉን ልጆች የሚያናድዱኝ ለዚህ ነው። ቲፒ 4056 የምትባል ርካሽ የቻርጅ ቦርድ አለች። ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሟጠጥ መከላከያ ያላትን፣ ማለትም ለባትሪና ለመውጫ የተለያየ ጫፍ ያላትን ግዙ። እሷም ብቻዋን አትበቃም። ከፋብሪካ ስትወጣ 1 አምፒር እንድትሰጥ ተደርጋ ነው፤ የብዙ ቬፕ ባትሪ ደግሞ 550 ሚሊአምፒር ሰዓት ገደማ ነው። ጨቅላን ጥሬ ሥጋ እንደማጉረስ በሉት። ላይዋ ላይ ያለችውን 1.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ነቅሎ በ5 ኪሎ ኦም መተካት ወደ 250 ሚሊአምፒር ያወርደዋል። ይቺ ሩዝ የምታክል ሬዚስተር ናት ቪዲዮዎቹ ሁሉ የሚዘሏት።

በዚህች ቦርድና በሌላ ባትሪ መብራቷን እንደገና ሠራኋት። ጓደኛዬ በትክክል ስትሠራ ሲያይ «ሃምሳ ሠርተህ አገር ቤት ብትልክስ?» አለኝ። አልልክም። የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከልክሏል፤ ቢያንስ ይሄ ቆሻሻ በሕጋዊ መንገድ አይገባም። እኔ በስጦታ ስም የማስገባበት ምክንያት የለኝም። ምናለሽ ተራ ያሉ ባለሙያዎች ከእኔ የተሻለ እጅ አላቸው፣ ግን ዕድሜው ያልታወቀ ባትሪ ለማንም ስጦታ አይሆንም። ትርፍ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ ካርጎ በሚገባ ሻንጣ መክተትም ክልክል ነው።

ጥፋቱ ግን የእኛ የለቃሚዎቹ አይመስለኝም። ቬፕ ከፍታችሁ ታውቃላችሁ? ብሎን የለው፣ ካቻቪቴ የሚገባበት የለው። በፒንሳ እየጎተትኩ ነው የማወጣው። ሐብሐብ ሐብሐብ የሚል ፈሳሽ የጠጣ ጥጥ ይወጣል፤ ኒኮቲኑ በቆዳ ስለሚገባ ጓንት ግድ ነው። ሁለቱን ሽቦ አንድ ላይ ከቆረጣችሁ ፒንሳው ራሱ ኮንታክት ያደርገዋል፣ አንድ በአንድ ነው የሚቆረጠው። የአውሮፓ ኅብረት ከየካቲት 2027 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ባትሪዎች በተጠቃሚው በቀላሉ የሚወጡ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ደንብ አለው። ብሪታንያም በሰኔ 2025 ባለ አንድ ጊዜ ቬፕ መሸጥ ከልክላለች። ጥሩ ነው። ግን ፋብሪካዎቹ የዩኤስቢ ቀዳዳና የሚቀየር የፈሳሽ ማጠራቀሚያ ጨምረው ያንኑ ዕቃ መሸጥ ቀጠሉ፤ እኔ ፌርማታው ሥር የማነሳው አሁን ባለ ቀዳዳውን ነው። እዚህም ቢያንስ በብሎን እንዲከፈት አድርጉት ብሎ የሚያስገድድ ሕግ ቢመጣ ይሻል ነበር።

በብሪታንያ ሕግ ቬፕ የሚሸጥ ሱቅ ያገለገለውን መልሶ መቀበል አለበት። ያቺን 2 ቮልት ገደማ ላይ የወደቀች ባትሪ ጫፎቿን በፕላስተር ሸፍኜ ከተጣለው ቦርዷ ጋር ሰፈራችን ወዳለ ሱቅ ወሰድኳት። ሻጩ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አያትና ከኋላዬ ያለውን የቆሻሻ ቅርጫት በአገጩ አሳየኝ። ይዣት ተመለስኩ። አሁን በረንዳ ላይ አሸዋ በሞላሁት ጣሳ ውስጥ ናት፤ ቅዳሜ የማዘጋጃ ቤቱ የቆሻሻ መቀበያ እስኪከፈት።