ስኮላርሺፑ እስከ መዋኛ ገንዳው ይድረስ

የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ውስጥ ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ማሪን ባዮሎጂ (የባሕር ፍጥረታት ሳይንስ) ማጥናት እንደምትፈልግ የነገረችን ዕለት እህቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ዓሣ ለማየት ነው አራት ዓመት የምትማሪው?» አለቻት። ልጅቷ አልተቀየመችም። «አዎ እማዬ፣ ዓሣ ለማየት ነው» ብላ ሳቀች። ነገሩ በዚያው አለፈ።

ባለፈው ሰመር ግን ሳቁ ቀረ። ልጅቷ ኮራል (ባሕር ሥር እንደ ድንጋይ የሚያድግ ሕይወት ያለው ፍጥረት) በሚጠና አንድ ፕሮጀክት ላይ በረዳትነት ለመሥራት አመለከተች። ውጤቷ ጥሩ ነው። የትምህርት ክፍያዋን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ስኮላርሺፕም አላት። መጀመሪያ የጠየቋት ግን ስለ ውጤቷ አልነበረም። «የዳይቪንግ ሰርተፊኬት አለሽ?» ነው ያሏት፤ ውሃ ውስጥ ለመጥለቅ የሚያበቃውን ማለታቸው ነው። ሰርተፊኬት ይቅርና ዋናም አትችልም ነበር።

ያ ጥያቄ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሴቶችን ወደ ባሕር ሳይንስ ለማስገባት ብዙ ስኮላርሺፕ እንዳለ አውቃለሁ። አብዛኛው ገንዘብ የሚሄደው ግን ለትምህርት ክፍያ ነው። የኛን ልጅ መንገድ የዘጋባት ክፍሉ ሳይሆን ገንዳው ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። አሜሪካ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ ውሃ ውስጥ ናሙና ለመሰብሰብ፣ ኮራል ለመለካት ወይም ዓሣ ለመቁጠር የሳይንሳዊ ጠላቂነት ፈቃድ ያስፈልጋል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚከተሉት የአሜሪካ የውሃ ውስጥ ሳይንስ አካዳሚን መስፈርት ነው። 100 ሰዓት ሥልጠናና ቢያንስ 12 ጊዜ ክፍት ውሃ ውስጥ መጥለቅን ይጠይቃል። እዚያ ለመድረስ ደግሞ መጀመሪያ ተራውን የስኩባ (የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ የመጥለቅ) ሰርተፊኬት መያዝ ግድ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ፓዲ የተባለው የጠላቂዎች ማሠልጠኛ ድርጅት የመጀመሪያ ኮርስ እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ያስገባል። ለዚያም ተማሪዋ ሳታርፍ 200 ሜትር መዋኘት፣ 10 ደቂቃ ደግሞ ውሃ ላይ መንሳፈፍ አለባት።

ለእያንዳንዱ ደረጃ ገንዘብ ይወጣል። የኮርሱ አለ። የመነጽሩና የፊኑ (እግር ላይ የሚጠለቀው መቅዘፊያ) አለ። የጠላቂ ልብሱ አለ። የአየር ሲሊንደር ኪራይ አለ። የጀልባ አለ። ይህ ሁሉ አልፎ ልምምድ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም። ስለዚህ ቀድማ የምትገባው ከልጅነቷ ጀምሮ ወላጆቿ ባሕር ዳርቻ ሲወስዷት ያደገችው ናት። የታክሲ ሹፌር ልጅ፣ የነርስ ረዳት ልጅ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛ ልጅ እዚያ ለመድረስ አንድ ሰው እጇን መያዝ አለበት።

በዚህ ነገር የዓሣ ተመራማሪዋን የዩጂኒ ክላርክን ታሪክ ያህል የሚያሳምነኝ የለም። ክላርክ በ1922 ኒውዮርክ ተወለደች (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። እናቷ የጃፓን ዘር ናት። አባቷ የሞተው ገና ጨቅላ ሳለች ነው። እናቷ ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ ልጇን በባትሪ ፓርክ ወደነበረው የኒውዮርክ አኳሪየም ትወስዳትና እዚያ ትታት ትሄዳለች። ልጅቷ መስታወቱ ላይ ተለጥፋ ዓሣ ስታይ ትውላለች። ይህን ሳነብ እህቴ ትዝ አለችኝ። እሷም ቅዳሜና እሁድ ሥራ ስትገባ ልጇን የምታቆያት ቤተ መጻሕፍት ነበር።

ክላርክ አድጋ ለዶክትሬት ስታመለክት አንድ ፕሮፌሰር፣ አግብተሽ ልጆች ትወልጃለሽ፣ የደከምንብሽ ሁሉ ከንቱ ይቀራል የሚል መልስ ሰጣት። በ1947 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለዓሣ ጥናት ወደ ፊሊፒንስ ሊልካት ቀጥሯት ነበር። በጃፓን ዝርያዋ ምክንያት ጉዞዋ ሃዋይ ላይ ቀረ። ሴትነቷ አንድ በር ዘጋ፣ ዘሯ ሌላ በር ዘጋ።

መንገዱን የከፈተላት ፉልብራይት የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕ ነው። ወዴት ወሰዳት? ወደ ቀይ ባሕር። ግብፅ ውስጥ ሁርጋዳ ወደሚገኘው የባሕር ምርምር ጣቢያ ሄደች። እዚያ እየጠለቀች 300 ያህል የዓሣ ዓይነት ሰበሰበች። ሦስቱን ሳይንስ ጭራሽ አያውቃቸውም ነበር። በ1955 ፍሎሪዳ ውስጥ ትንሽ ላቦራቶሪ ከፈተች። ዛሬ ሞውት የሚባለው ትልቅ የባሕር ምርምር ማዕከል የተወለደው ከዚያች ላቦራቶሪ ነው። የሻርክን ጠባይ በማጥናት ስሟ በዓለም ታወቀ።

ቀይ ባሕርንም አልተወችውም። እዚያ የሙሴ ዓሣ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ አለ። ሙሴ ባሕሩን ሲከፍል ዓሣው መሐል ላይ ተገኝቶ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ጠፍጣፋ የሆነው ለዚያ ነው የሚል ተረት ይነገርለታል። ክላርክ ከዚህ ዓሣ የሚወጣው ወተት የመሰለ ፈሳሽ ሻርክን እንደሚያርቅ አሳየች። ሻርኩ አፉን ከፍቶ ይመጣና ሳይነክስ ይመለሳል። የግብፅ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ራስ መሐመድ በ1983 እንዲከለልም ከተሟገቱት አንዷ እሷ ናት። ዕድሜዋ ከ90 ካለፈ በኋላም ትጠልቅ ነበር። ይህን ሁሉ ያስገኘው አንዲት ወጣት ባሕሩ ዳር ድረስ የሚያደርሳት ገንዘብ ማግኘቷ ነው።

«ለምን ለሴት ብቻ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይመጣል። ጥያቄው አያስከፋኝም። መልሱ ያለው አሜሪካዊቷ የባሕር ሳይንቲስት ሲልቪያ ኧርል ዘንድ ነው። በ1970 አሜሪካ ቴክታይት ሁለት በሚባል ፕሮጀክት ሳይንቲስቶችን ባሕር ሥር በተሠራ ቤት ውስጥ እያኖረች ታጠና ነበር። ቦታው በካሪቢያን የቨርጂን ደሴቶች ነው። ጥልቀቱ 15 ሜትር ያህል ነው። ሴቶች ሲያመለክቱ ከወንዶች ጋር አንድ ቤት ውስጥ መኖራቸው ነውር ሆኖ ታየ። ስለዚህ የሴቶች ብቻ ቡድን ተቋቋመ። ኧርልና የመራቻቸው አራት ሴቶች ሁለት ሳምንት ውሃ ሥር ኖረው ሥራቸውን ጨርሰው ወጡ። ጋዜጠኞች ስለ ፀጉር ማድረቂያና ስለ ከንፈር ቀለም ይጠይቋቸው ነበር። ይቺው ኧርል በ1979 በልዩ ልብስ 381 ሜትር ወርዳ የባሕር ወለል ላይ ተራመደች። ችሎታው አስቀድሞም ነበር። የጎደለው ለሴት ተብሎ የተያዘ ቦታ ነበር፤ ቦታው ሲገኝ ችሎታው ታየ።

ዛሬ ቁጥሩ ተሻሽሏል። ዩኔስኮ በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከባሕር ሳይንስ ተመራማሪዎች 38 ከመቶው ሴቶች ናቸው። ደስ ይላል። ቁጥሩ ግን የየትኛዋ እናት ልጆች እንደሆኑ አይነግረንም። በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ የዩኤስኤ ስዊሚንግ ፋውንዴሽን ያስጠናው ጥናት 64 ከመቶ የሚሆኑ ጥቁር ልጆች ዋና አይችሉም፣ ወይም የሚችሉት በጣም ጥቂት ነው ብሏል። ጥቁሮች ከሕዝብ መዋኛ ገንዳ ሲባረሩ የኖሩበት ዘመን ጠባሳው እስከ ልጅ ልጅ ደርሷል። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የሚያድጉት የኛ ልጆችም ከዚያው ቁጥር ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ሥራው ገብቷቸዋል የምላቸውን አንድ ማኅበር ልጥቀስ። የሴት ጠላቂዎችን ታሪክ የሚያከብረው ዊመን ዳይቨርስ ሆል ኦፍ ፌም በ2000 አሜሪካ ውስጥ ተቋቋመ። በየዓመቱ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ለባሕር ጥበቃ ጥናት አለ። ለውሃ ውስጥ አርኪኦሎጂ አለ። እኔን የማረከኝ ግን ገና ለምትጀምር ሴት የስኩባ ሥልጠና የሚሰጠው ድጋፍ ነው። ገንዘቡ ብዙ አይደለም። የሚያርፈው ግን መንገዱ በሚቋረጥበት ቦታ ላይ ነው።

ወደ ራሳችን ልመለስ። የእህቴን ፍርሃት እረዳዋለሁ። እኛ ያደግነው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ሲባል እየሰማን ነው። ያደግንበት ሰፈር ገንዳ አልነበረም፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ወንዝ መውረድ ያስቆጣል። ከዚያ ዘመን ወዲህ ባሕር ሌላ ትርጉም አመጣ። ከጅቡቲዋ ኦቦክ ተነስተው ወደ የመን ሲሻገሩ የሰጠሙትን ልጆች ሁላችንም እናውቃለን። ለብዙ ኢትዮጵያዊት እናት ባሕር ማለት ስልክ የማይነሳበት ቦታ ነው። እንዲህ ያለች እናት ልጇ «ልጠልቅ ነው» ስትላት ብትደነግጥ አይፈረድባትም። ስኮላርሺፕ የሚሰጡ ሰዎች ይህንን ቢያውቁ እናቶችን ገንዳው ድረስ ይጋብዙ ነበር።

አገራችን ከ1993 ወዲህ የባሕር በር የላትም። ቀይ ባሕር ሲነሳ የምናወራው ስለ ወደብና ስለ መርከብ ነው። ውስጡ ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያ እንዳለ፣ ከአሥሩ አንዱ ያህል ሌላ የትም እንደማይገኝ፣ በሰሜኑ በኩል ያለው ኮራል ከሌላው በተሻለ ሙቀት እንደሚችል ስንቶቻችን እናውቃለን? ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በ2009 የተከፈተው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቀይ ባሕር ደጃፉ ላይ ነው። ለሚቀበላቸው ተማሪዎች የትምህርትና የኑሮ ወጪያቸውን ይሸፍናል፤ ወንድና ሴት አብረው ይማሩበታል። በዚያች አገር ስንት እህቶቻችን ሰው ቤት ይሠራሉ። ከመሐላቸው የአንዷ ታናሽ እህት እዚያው ባሕር ዳር ተመራማሪ ብትሆን እንዴት ደስ ባለኝ።

ደግሞ ለመጥለቅ የግድ ባሕር አያስፈልግም። ጣና ጥልቅ በሆነበት ቦታ 14 ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያው ሰርተፊኬት ከሚፈቅደው 18 ሜትር ያነሰ ማለት ነው። ውሃው ይደፈርሳል፣ ሥራው ቀላል አይሆንም። ግን እዚያ ሐይቅ ውስጥ ብቻ የሚገኙ ከደርዘን በላይ የባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። እምቦጭ ሲወረው ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል አይተናል። ከሥሩ ምን እየሆነ እንዳለ ወርዳ የምታይ የባሕር ዳር ልጅ ለምን አትኖርም?

ዋሽንግተንና አካባቢው ያሉ የማኅበረሰብ ማኅበሮቻችን በየዓመቱ ለተማሪዎች ስኮላርሺፕ ይሰጣሉ። ለሐኪም፣ ለኢንጂነር፣ ለኮምፒውተር። እሰየው ነው። ከዚያ ላይ አንዲት ትንሽ ብትጨመር ነው የምለው። የዋና ትምህርት፣ የመጀመሪያው ሰርተፊኬት፣ በልኳ የሆነ ልብስና ፊን፣ የትራንስፖርት። መስፈርቱ ላይ «የዳይቪንግ ልምድ ያላት» የሚለው አይጻፍ። ያ ቃል ከገባ የኛ ልጆች ከበሩ ይመለሳሉ። እኔ ያለሁበት ማኅበር በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን አነሳዋለሁ። የመጀመሪያውን መዋጮም ይዤ እሄዳለሁ።

የእህቴ ልጅ ዋና ጀምራለች። ክፍያው የተገኘው ከእናቷ እቁብ ነው። እህቴ ከሥራ ወጥታ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር ገንዳው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ልጅቷ ጭንቅላቷን ውሃ ውስጥ ባስገባች ቁጥር እስክትወጣ ድረስ እህቴም ትንፋሽዋን ትይዛለች። ባለፈው ቅዳሜ 150 ሜትር ሳታርፍ ዋኘች። 50 ሜትር ይቀራታል።