ስለ ጎንደር ስታወሩ የቱን ጎንደር ነው?

ጎንደርን ረግጦ የማያውቅ ሰው ስለ ጎንደር አያውራ አልልም። ያውራ። አገሩ ነው፣ ያሳስበዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ነገሩ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ማን እንዳየው ሳያጣራ «ሰበር ዜና ከጎንደር» ብሎ በቀይ የሚጽፍ፣ ከጀርባው የፋሲልን ግንብ ፎቶ ደቅኖ የሚለቅ ሰው ነው የሚያንገበግበኝ። እንዲህ ያለው ደግሞ አንድ ሁለት አይደለም።

እስቲ ካርታ ተመልከቱ። ፒያሳና አራዳ፣ ማራኪና አዘዞ ያሉበት ጎንደር የሚባል ከተማ አለ። ከዚያ ደግሞ በጎንደር ስም የሚጠሩ ዞኖች አሉ። ሰሜን ጎንደር መቀመጫው ደባርቅ ነው። ምዕራብ ጎንደር ገንዳ ውኃ፣ ደቡብ ጎንደር ደግሞ ደብረ ታቦር። ከኛ ከተማ ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ምዕራብ ጎንደር ያለው መተማ ዮሐንስ የሱዳን ድንበር ላይ ነው፣ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ። እናንተ ጋ ግን ሁሉም «ጎንደር ውስጥ» ነው። አዲስ አበባና አዳማም እኮ የሚራራቁት 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዳማ ላይ ተኩስ ቢሰማ «አዲስ አበባ ውስጥ ተኩስ» ብሎ የሚጽፍ አለ? የለም። ቢኖር ወዲያው ይታረማል። ለእኛ ሲሆን ለምን ግድ አይሰጥም?

ይህ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክረምት ላይ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ አንድ ቪዲዮ አየች። «ጎንደር በእሳት» ይላል። ደወለች፣ ኔትወርክ የለም። ደጋግማ ደወለች፣ አይገባም። ሌሊቱን ሙሉ ስታለቅስ አደረች። እኛ ያን ሌሊት እራታችንን በልተን ተኝተናል። ግጭቱ ከከተማው ርቆ መንገድ ላይ የተፈጠረ ነበር። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ሰፈር ደግሞ ጭራሽ ጎንደር ውስጥ የለም። እዚህ ያደገ ሰው የከተማውን አንድ ጥግ ሲያይ ይለየዋል። አንድ ጎንደሬ ብትጠይቁ ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይነግራችሁ ነበር። አልጠየቃችሁም። እህቴን ግን ደም ግፊቷን ቀስቅሳችሁባታል።

ችግር የለም እያልኩ አይደለም። አለ። ይኸው ስንት ጊዜያችን። ሰው ታግቷል። ቤተሰብ ያለውን ሸጦ፣ ከዘመድ ለምኖ ከፍሏል። መንገድ ሲዘጋ የታመመ ሰው ሆስፒታል መድረስ አቅቶት ተጨንቋል። የሚቆጨኝም ለዚህ ነው። ያልሆነውን ሆነ እያላችሁ ስትለቁ፣ የሆነው ሲነገር የሚያምን ይጠፋል። ልጁ የታገተበት አባት ጮኾ ሲናገር «ይሄም እንደዚያኛው ውሸት ይሆናል» ይባላል። ከዚህ የባሰ ምን በደል አለ?

በ2015 ዓ.ም መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ዳታ ተቋረጠብን። ለወራት። ዋይፋይ ካለበት ቤት ውጭ የሆነ ሰው አፍ አልነበረውም። በእነዚያ ወራት ስለ እኛ የሚያወራ ግን አልጠፋም። ማንን እንደምንደግፍ፣ ምን እንደምንፈልግ፣ በምን እንደተደሰትን ሳይቀር ተነገረልን። ዳታው ሲመለስ ገብተን ስናየው ራሳችንን አጣነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እኛ እንደተናቅን የገባኝ ያኔ ነው።

አሁን ደግሞ አፋችን ሲከፈት ሌላ ጣጣ መጣ። «ዛሬ ሱቆች ተከፍተዋል፣ ባጃጅም እየሠራ ነው» ብለህ ከጻፍክ ካድሬ ነህ። «ማታ ተኩስ ሰምተናል» ብለህ ከጻፍክ ጽንፈኛ ነህ። ሁለቱም በአንድ ቀን ሊሆኑ ይችላሉ እኮ! ማታ ተኩስ ተሰምቶ ጠዋት ሱቅ ይከፈታል። ሰው መብላት አለበት። ዋሽንግተን የተቀመጠ ሰው ቅዳሜ ገበያ ለምትሸጥ ሴት ገበያው ዝግ ነው ብሎ ሲከራከር አይቻለሁ። እሷ ከቆመችበት ሆና እየጻፈች! ተከታዮቹም ተረባርበው ሰደቧት። ከዚያ በኋላ ጽፋም አታውቅ።

ሌላም ዓይነት አለ። ለጥምቀት የሚመጣው። ከተራ ጥር 10 ይገባል፣ ጥር 11 ፋሲል መዋኛው ላይ ድሮን ያስነሳል፣ በማግስቱ ይሄዳል። ከዚያ «ጎንደር ፍጹም ሰላም ናት፣ የሚወራው ሁሉ ውሸት ነው» ብሎ ይለቃል። በዓሉን ማሳየቱ ደስ ይለኛል፣ እንግዳችን ነው፣ ይምጣ። ነገር ግን በሁለት ቀን በዓል ዓመታችንን አይመስክርብን። ያ የታገተው ልጅ አባት ይህንንም ያያል።

ስለ ውኃስ ማን ጠየቀን? አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ መገጭ ግድብ ለዓመታት እየተጓተተ፣ ሰው በፈረቃ ውኃ ይጠብቃል። ቧንቧው ሲመጣ ሌሊት ተነስቶ ጀሪካን መሙላት የጎንደር እናቶች ኑሮ ነው። ይህንን «ሰበር ዜና» የሚለው የለም። ግንብ ዙሪያ የሚሠራ አስጎብኚ ጓደኛ አለኝ። አንድ ቪዲዮ በተለቀቀ ቁጥር ጉዞ የሚሰርዝ እንግዳ አያጣም። ልጆች አሉት። የእሱንም ጓዳ የጠየቀ የለም።

የምንለምናችሁ ከባድ ነገር አይደለም። የወረዳውን ስም ጻፉ። ቀኑን ጻፉ። ቪዲዮው ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ አትልቀቁት። እዚህ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ አታጡም፣ ደውሉለት፤ ካላነሳ እስኪያነሳ ጠብቁ። ስሙን ግን አትጥሩት፣ እሱ ነገም እዚሁ ነው የሚኖረው። ስትሳሳቱ ደግሞ ቪዲዮውን በዝምታ አጥፍታችሁ አትለፉ። ስሕተቱን በጻፋችሁበት በዚያው ትልቅ ቀይ ፊደል፣ በዚያው ገጽ፣ «ጎንደር ብለን የለቀቅነው ጎንደር አልነበረም» ብላችሁ ጻፉ።